የጋሽ ጂራታ ጀልባ

እኔ አፌ ክፉ ነው። ይሄን ቀድሜ የምናገረው ኋላ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ እንዳትታዘቡኝ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ «ሳዲያ ጽሕፈትና ኮፒ» የሚል ሱቅ አለኝ። ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ማመልከቻውን እኔ ጋ ያስጽፋል፤ እኔም እየጻፍኩ እቆጣዋለሁ። «ይሄን ስትፈርሚ ዓይንሽ የት ነበር?» እላለሁ። «የገዛ ወንድምዎን ነው የሚከሱት? ኧረ ይፈሩ!» እላለሁ። ሰው ግን አይቀየመኝም። ሳዲያ ካልተቆጣች ታማለች ማለት ነው ይላሉ። የሕንጻችን እድር ጸሐፊም ነኝ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት እድር ነው፤ የመረጡኝ ደግሞ ቃለ ጉባኤውን በነጻ ስለምጽፍላቸው እንጂ ለጠባዬ እንዳይመስላችሁ።

ከሕንጻው ሰው ሁሉ እንደ ጋሽ ጂራታ የተጨቃጨቅኩት የለም። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆርጠው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ለሰላምታ እንኳ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ ነው ወደኛ የመጡት። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ዲንቄ። እሷም ኖርዌይ ገብታ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ጋሽ ጂራታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጓዙ ኖረው አንድም ቀን መስኮቱን ዞር ብለው አላዩም። ትኬት ቆራጭ የሚያየው ሰው ነው። «ይሄን ሁሉ መንገድ ሄጄ አንድም አገር አላየሁ» ይሉ ነበር፤ ሲሉት ደግሞ እየሳቁ ነው።

ዲንቄ የጀልባውን ነገር ያመጣችው ለዚህ ነው። የኖርዌይ ባሕር ዳርቻው ላይ አይቆምም አሉ። ተራራውን ሰንጥቆ ይገባል፤ ግራና ቀኙ ገደል፣ መሐሉ ጥቁር ውሃ ሆኖ እየተጠማዘዘ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ፊዮርድ ይሉታል። በዚያ ውሃ ላይ አምስት ቀን የሚጓዝ ትልቅ ጀልባ አለ፤ ሰው መስኮት ጋ ቁጭ ብሎ ገደሉን ሲያይ ይውላል። ዲንቄ ለሰኔ መጀመሪያ ሁለት ቦታ ያዘች፤ አንድ ለአባቷ፣ አንድ ለራሷ። ቪዛውም ወጣ። ሰውዬው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄን ቤታቸው አደረጉት።

የጉዞው ወረቀት ሃያ ስድስት ገጽ እንግሊዝኛ ነው። ሁሉንም በአማርኛ ጻፊልኝ አሉኝ።

«ጋሽ ጂራታ፣ ወጥተው መቀመጥ ነው እንጂ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልዎታል?»

«ፌርማታውን የማላውቀው መኪና አልሳፈርም።»

«ጀልባ ነው እኮ!»

«ጀልባም ፌርማታ አለው።»

ፌርማታዎቹ ዘጠኝ ናቸው። የእያንዳንዱን ሰዓት ወደኛ ሰዓት ቀይሪልኝ አሉ፤ ቀየርኩ። በየፌርማታው ስንት ሰው እንደሚወርድ ጻፊ አሉ። «ይሄን እኔ ከየት አባቴ አውቃለሁ? ወላሂ ዕድሜዬን በሉት!» ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና «በይ ቀጥይ» አሉኝ። ደስ ይሉኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ እሳቸው ያልመጡ ቀን ሱቁ ይጨንቀኛል።

ወረቀቱን እየተረጎምኩ ስሄድ ግን የማልወደው ነገር መጣ። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ገደሉ ወገብ ላይ የተንጠለጠሉ ቤቶች አሉ ይላል። ድሮ ሰው ይኖርባቸው ነበር፤ ሕፃናቱ ተንከባለው ውሃው ውስጥ እንዳይገቡ በገመድ እያሰሩ ያሳድጓቸው ነበር። አሁን ማንም የለም፤ በሩ ተዘግቶ መስኮቱ ብቻ ወደ ውሃው ያያል። አምስተኛው ላይ የተሰነጠቀ ተራራ አለ። ስንጥቁ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይሰፋል፤ መውደቁ አይቀርም፣ መቼ እንደሆነ ነው የማይታወቀው። ይሄን ደግሞ ለጎብኚ ደስ ይበለው ብለው ነው የጻፉት! በዚያ ላይ ሰኔ ላይ እዚያ አገር አይጨልምም።

«ሌሊት የለም ማለት ነው?» አሉ ጋሽ ጂራታ።

«የለም።»

«ታዲያ ጅቡ መቼ ይወጣል?» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን የተሰነጠቀውን ተራራ ሥዕል ዝቅ አድርጌ ሌላ ገጽ ከፈትኩ።

ግንቦት ልደታ ባለፈ በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ስልኬ ጮኸ። ሮቤራ ነው። ሮቤራ የጋሽ ጂራታ የእህት ልጅ ነው፤ ከዲንቄ ጋር አንድ ከተማ ይኖራሉ፤ ወረቀት ሲላላኩ በእኔ በኩል ስለሆነ ቁጥሬ አለው። «ሳዲያ፣ ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። ይሄ ጥያቄ መቼም ለደግ አይጠየቅም።

እሑድ ዕለት ዲንቄና እሱ ጀልባው የሚነሳበትን ወደብ ሊያዩ ሄዱ። አባቷ ፌርማታውን ሳያዩ አይሳፈሩምና ፎቶ አንስታ ልትልክላቸው ነበር። ውሃው ዳር ያለው ድንጋይ አረንጓዴ አብቅሎ ያዳልጣል። ሮቤራ ጃኬት ሊያመጣላት ወደ መኪናው ተመለሰ። ሲመጣ የለችም። አልጮኸችም፤ ውሃው አልተንቦራጨቀም፤ ዝም ብሎ ተኝቷል። ስልኳ መኪናው ውስጥ ነበር። ጠላቂ ዋናተኛ ተጠርቶ ሲፈልግ አደረ፤ ሬሳዋ አልተገኘም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ኢና ሊላሂ ብዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ፓስፖርት ስታወጣ ፎርሟን የሞላሁላት እኔ ነኝ፤ «ፊርማሽ እንደ ዶሮ ጭረት ነው» ብዬ የተቆጣኋትም እኔው።

የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ቶኩማ ናቸው። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ስለሆኑ ሰላም ሲሏችሁ እንኳ ቀጠሮ የሚሰጧችሁ ይመስላል። ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው «ቅዳሜ ማለዳ» አሉ። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሳይነጋ በር ተንኳኩቶ ነው። ጋሽ ጂራታ ደግሞ ደም ግፊት አለባቸው፤ ብቻቸውን ሰምተው ቢወድቁስ? እህታቸው፣ የሮቤራ እናት እትዬ ዱሬቲ፣ ከነቀምት እስክትደርስ መጠበቅ አለበት። ምናልባት እስከዚያ ሬሳውም ይገኝ ይሆናል። ሮቤራም በዲንቄ ስልክ የአባቷን መልእክት እየመለሰ እንዲቆይ ተነገረው። በሞተች ልጅ ስልክ እያወራ ሊቆይ ማለት ነው። ሳስበው ፀጉሬ ይቆማል፤ ግን እኔም እሺ አልኩ።

እስከ ማታ ሕንጻው በሙሉ ሰማ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያልሰሙት ጋሽ ጂራታ ብቻ ናቸው። ደረጃው እኮ ወትሮ ገበያ ነው፤ ባልዲ ይጋጫል፣ ልጅ ይንጫጫል፣ ሰው ከፎቅ ፎቅ ይጣራል። ከሰኞ ጀምሮ ጋሽ ጂራታ ከቤታቸው ብቅ ሲሉ ሁሉ ነገር ይቆማል። አራተኛ ፎቅ በር ሲጮህ ሦስተኛ ፎቅ ሬዲዮ ይጠፋል። ሰዉ በየበሩ ስንጥቅ ቆሞ የእግራቸውን ኮቴ ያዳምጣል። ሲያልፉ ደግሞ ቀስ ብሎ ይዘጋል። ሕያው ሰው ደረጃ ሲወርድ እንደዚያ ዓይነት ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

ያን ዕለት ከሰዓት ሱቄ መጡ። «ሳዲዬ፣ ስድስተኛው ፌርማታ ላይ ነበርን» አሉና ወንበራቸውን ሳቡ። ጻፍኩ። ደግነቱ ኪቦርድ እጅ ጽሑፍ አያሳይም።

«ጥልቀቱ ስንት ነው ይላል?» አሉ።

«ምን?»

«ውሃው። ወረቀቱ ላይ አለ ብላኛለች ዲንቄ።»

አለ። ዓይኔ እያየ መዋሸት አልቻልኩም። «ስድስት መቶ ሜትር።»

«የኛ ሕንጻ ስንት ይሆናል?»

«ምናልባት ሃያ።»

ጣታቸውን እየቆጠሩ ትንሽ አሰቡ። «ሠላሳ ሕንጻ ቢደራረብበት ጫፉ አይታይም ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ጣሪያው አዩ፤ ከታች ወደ ላይ እንደሚያይ ሰው። እኔም ሳላስበው ቀና አልኩ።

ማክሰኞ ሮቤራ ቪዲዮ ላከልኝ። ፍለጋውን ነው። የስልኬ ስክሪን የተሰነጠቀ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩት። ጥቁር ውሃ፣ ሁለት የተፋጠጠ ገደል፣ መሐሉ ላይ ትንሽዬ ብርቱካናማ ጀልባ። ሞተሯን አጥፍተዋል። ሁለት ሰዎች ረጅም ዘንግ ይዘው ጎንበስ ብለዋል። ድምፅ የለውም፤ ወፍ እንኳ የለም። ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ፤ ሰው ከኋላዬ ሲተነፍስ ነው የነቃሁት።

«ይሄ የት ነው?» አሉ ጋሽ ጂራታ።

«የ... የጀልባው መንገድ ነው። ማስታወቂያ።»

ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። ጀልባዋ ቀስ እያለች ታልፋለች። እስክታልቅ አዩ። «እንደገና» አሉ። እንደገና ከፈትኩ፤ ምን ላድርግ? ሲያልቅ «ውሃው እንዴት ዝም ብሏል» አሉ። «እዚህ ጋ አቁሚና አትሚልኝ።»

አተምኩ! አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የልጃቸውን ሬሳ የሚፈልጉትን ሰዎች በከለር አትሜ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ሒሳቡን ሊያወጡ ኪሳቸው ሲገቡ «ይተዉት» አልኳቸው። ትኩር ብለው አዩኝ፤ አመሰግናለሁ ብለው ሄዱ።

ረቡዕ መጡና «ዲንቄ ጻፈችልኝ» አሉ። «በግራ በኩል ያለውን መስኮት እንያዝ አለች። ጠዋት ፀሐይዋ በቀኙ ገደል ላይ ነው የምታርፈው፤ ከግራ ሆነው ነው የሚያዩት።» እሺ፣ ሮቤራ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ግራ መስኮት። ሐሙስም መጡ። «ዲንቄ፣ ሹራብ ያዝ፣ ውሃው ላይ ብርድ ነው ብላለች። እኔንስ አይበርደኝም፣ ለመድኩት ብላለች።»

ለመድኩት! ኧረ ይሄ ልጅ አብዷል፣ ምን ብሎ ነው የሚጽፍላቸው ብዬ በንዴት ጦፍኩ። እንደወጡ ሮቤራ ጋ ደወልኩ። «አንተ፣ ትንሽ አታፍርም? በሰው አባት ትጫወታለህ?» ብዬ ወረድኩበት።

«ሳዲያ፣ ምን እያልሽ ነው?» አለኝ። «ስልኳን እኮ ፖሊስ ማክሰኞ ጠዋት ወስዶታል። ከዚያ ወዲህ እኔ ለማንም አልጻፍኩም።»

ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ቀን ስምንት ሰዓት ነው፤ ውጪ ፀሐይ ነው፣ ባቡሩ እየተንኳኳ ያልፋል፣ አንድ ሰው ኮፒ ፈልጎ ቆሟል። እኔ ግን ጀርባዬ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰ ያህል ተሰማኝ። ማን ነው የሚጽፍላቸው? ሱብሃነላህ፣ ለማንስ ይነገራል? ሰውየውን «ነገ ና» ብዬ ሸኝቼ ቁርአን ከፈትኩ።

ዓርብ ሲመጡ ፈራኋቸው። ሃያ ስድስተኛው ገጽ ላይ ነበርን። ጻፍኩ፣ አተምኩ፣ ሁሉንም በክር ጠርዤ ሰጠኋቸው። ጭናቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣

«ነገ ማለዳ ትመጣላችሁ አይደል?» አሉኝ።

«የት?»

«እኔ ቤት።»

አፌ ተያዘ። እኔ ሳዲያ! ያ ክፉ አፍ ምን ዋጠው?

«ሰኞ ነው ያወቅኩት» አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ፊት ያየሁ ሰው ነኝ፣ ሳዲዬ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መርዶ ሊነግሩ የሚሄዱ ሽማግሌዎች የመጀመሪያውን አውቶቡስ ነው የሚሳፈሩት። አይነጋገሩም። መልሱን አይቆጥሩም። አይቼ አውቃቸዋለሁ። ሰኞ ከቤቴ ስወጣ ሕንጻው በሙሉ ያን ፊት ለብሶ አገኘሁት።»

«ማን... ማን ነገረዎት?»

«አንቺ ነሽ ያረዳሽኝ። ሰኞ መጥቼ ቁጭ ስል አልተቆጣሽም። ጥልቀቱን ስጠይቅሽ ዓይንሽን ሰበርሽ። ማክሰኞ ደግሞ ቪዲዮውን አሳየሽኝ። ዘንግ ይዞ ውሃ የሚቆፍር ሰው ሽርሽር ላይ ነው?»

አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ፣ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። «ታዲያ የምትጽፍልዎት ማን ናት?» አልኳቸው። ስልካቸውን አዙረው አሳዩኝ። ከማክሰኞ ወዲህ የእሳቸው መልእክት ብቻ ነው የተደረደረው፤ መልስ የለም። «የምትመልሰውን እኔ አውቀዋለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት አባቷ ሆኜ ይሄ ይጠፋኛል?» አሉ። ከፍርሃቴ ይልቅ ይሄኛው ባሰብኝ።

ቀጥለው የሚፈልጉትን ነገሩኝ። ሰኔ ሁለት በረራቸው ነው። መርዶው ከተነገራቸው ለቅሶ ይቀመጣሉ፤ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ጀልባ አይሳፈርም። እትዬ ዱሬቲ እግራቸው ላይ ትወድቃለች፤ አቶ ቶኩማ ደም ግፊታቸውን ያስለካሉ፤ ፓስፖርቱን አንዱ ዘመድ በደግነት ይደብቀዋል። «ካልተነገረኝ ግን» አሉ፣ «እኔ ልጁን ሊጠይቅ የሚሄድ አባት ነኝ። ያለችው እዚያ ነው። ሳላለቅስባት ልድረስ። በሕይወት እንዳለች ሆና፣ አምስቱን ቀን መስኮት ጋ አጠገቧ ልቀመጥ። ስመለስ ንገሩኝ፤ ያን ጊዜ እንደ ደንቡ እሰማለሁ። ለቶኩማ አስረጂልኝ፤ ነገ አፋቸውን ከፍተው እንዳይነግሩኝ።»

አቶ ቶኩማ ቤት በሩጫ ሄድኩ። ሰሙኝ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ እድር መርዶ አስቀርቶ አያውቅም» አሉ። «ሟችን ማፈን ነው። ኃጢአትም ነው፣ ነውርም ነው።»

«አውቀውታል እኮ! ምን የሚነገራቸው አዲስ ነገር አለ?»

«ማወቅ ሌላ፣ መረዳት ሌላ።»

«ታዲያ እንዲረዱ አይፈልጉም! አንድ ጊዜ እንኳ በዕድሜያቸው መስኮት ጋ ይቀመጡ፣ ምን አለበት? የእርስዎ ልጅ ብትሆንስ?» ብዬ ጮህኩባቸው፤ ከሰኞ ወዲህ ሰው ፊት ለፊት ስቆጣ የመጀመሪያዬ ነበር። «ጠዋት ዱሬቲ ሳትደርስ ገብቼ ፊቱን አይቼ እወስናለሁ» አሉ። «አንቺ ግን ሥራሽን አትርሺ። ዱሬቲ ዛሬ ቡራዩ ዘመድ ቤት አድራ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትደርሳለች። የግቢው በር ላይ ቁሚ፤ እኛ ሳንወርድ እንዳታለቅስ ያዢልኝ። ካስፈለገም አፏን በእጅሽ ያዢ።»

«እሺ» አልኩ።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሽማግሌዎቹ ጥቁር ለብሰው ወጡ። አራት ናቸው። ዘበኛችን ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። እኔ የግቢው በር ላይ ቀረሁ። ሰማዩ ገና አልለየለትም፤ የሕንጻው መስኮት ሁሉ ጨለማ ነው፣ ግን ከየመስኮቱ ኋላ ሰው እንዳለ ይታወቀኛል። ማንም ተኝቶ አልነበረም። አሥር ደቂቃ ቆምኩ። ሩብ ሰዓት ቆምኩ። ላይ ምን እየተባለ ነው? ነገሯቸው ይሆን? ጋሽ ጂራታ ወድቀው ይሆን? ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው፤ እትዬ ዱሬቲ እስክትመጣ ደርሼ እመለሳለሁ አልኩ። እግሬን በሰበረው! ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። ግድግዳው በሙሉ በእኔው ኮፒ ተሸፍኗል፤ ገደሉ፣ ባዶዎቹ ቤቶች፣ የተሰነጠቀው ተራራ፣ ያቺ ብርቱካናማ ጀልባ። ሁሉም በፕላስተር በተርታ ተለጥፈው ክፍሉን ይዞራሉ፤ መሐል የቆመ ሰው ጥቁሩ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። ጋሽ ጂራታ ለብሰው፣ ተላጭተው፣ ሻይ ቀድተውላቸዋል። አቶ ቶኩማ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያዩ ነው። ጀልባዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። ከዚያ ወደ ጋሽ ጂራታ ዞረው ፊታቸውን ረጅም ጊዜ አዩት።

«መንገዱ ሩቅ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ዘጠኝ ፌርማታ ነው» አሉ ጋሽ ጂራታ።

«ዲንቄ ትቀበልሃለች?»

«ትቀበለኛለች።»

አቶ ቶኩማ ሻያቸውን ጨልጠው ተነሡ። ሌሎቹም ተያይተው ተነሡ። «እንግዲህ ልንሸኝህ ነበር የመጣነው» አሉ። «በሰላም ግባ። ልጅህን ሰላም በልልን።» እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ጂራታ በሁለት እጃቸው ያዟቸው። አምስት ቀን ሙሉ ያላየሁትን የፊታቸውን ሳቅ ያን ጊዜ አየሁት። አልሐምዱሊላህ አልኩ በሆዴ፤ ሰውዬው ሊሄዱ ነው!

ከታች ጩኸት ተነሣ።

«ዲንቄ! ዲንቄኮ! ዲንቄዬ! ያንቺ ነው ወይ ውሃ! ያንቺ ነው ወይ ባዕድ አገር!»

እትዬ ዱሬቲ ናት። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደርሳለች። እሷ ምን ታውቃለች? ለቅሶ ቤት የሚመጣ ዘመድ ከበር ጀምሮ ነው የሚያለቅሰው፤ በር ላይ የሚይዛት ሰው አጣች፣ መርዶው ተነግሯል ብላ ለቀቀችው። ጩኸቱ አንደኛ ፎቅ ደረሰ። ሳምንቱን ሙሉ አፉን የያዘው ሕንጻ በሩን እየበረገደ አብሯት ጮኸ። ሁለተኛ ፎቅ ደረሰ። አቶ ቶኩማ ዞረው አዩኝ። በር ላይ መሆን የነበረብኝ እኔ እንደሆንኩ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ።

ጋሽ ጂራታ እጃቸውን ከአቶ ቶኩማ እጅ ቀስ ብለው አወጡ።

«አሁን ሞተች» አሉ፤ ለእህታቸው በሩን ሊከፍቱላት ሄዱ።